የሞጆን ወደብ በር ለአንድ ቀን ክፈቱት

ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ወደብ ምን እንደሚመስል ቢጠይቀኝ ጅቡቲ ድረስ አላደክመውም። ሞጆ ውረድ እለዋለሁ። ከአዲስ አበባ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ አዳማ ሳይደርስ፣ መርከብ የማይቆምበት፣ ማዕበል የማይመታው፣ ዓሣ የማይሸትበት ወደብ ያገኛል። ደረቅ ወደብ! ስሙን ያወጣለት ሰው መቼም ቀልድ ያውቃል። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ያጣች አገር ወደቧ ቢደርቅ ምን ይገርማል?

ግን ወርዶ ምን ያያል? አጥር ያያል። ከአጥሩ በላይ አናታቸው ብቅ ያለ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ዝገት የበላቸው፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተከመሩ ኮንቴይነሮች ያያል። የማንሻው ክንድ አንዳንዴ ከፍ ሲል ያያል። በመንገዱ ዳር የተሰለፉ ተሳቢዎችና ከሥራቸው ባለው ጥላ ካርቶን አንጥፈው የተጋደሙ ሾፌሮች ያያል። በሩ ላይ ጥበቃ ያያል። በቃ። የወደቡን ቆብ አይቶ ፊቱን ሳያይ ይመለሳል።

አዳማ የሚኖር ሰው አዲስ አበባ ጉዳይ ባለው ቁጥር፣ የፈጣኑን መንገድ ክፍያ ላለመክፈል በአሮጌው መንገድ ከመጣ፣ ሞጆን ማለፉ አይቀርም። እኔም ያለፍኩበትን ጊዜ ቆጥሬ አልዘልቀውም። በዚህ ሁሉ ጊዜ አጠገቤ ከተቀመጡት መንገደኞች አንድም ሰው «እኔ ውስጡን አውቀዋለሁ» ሲል አልሰማሁም፤ ሾፌር፣ ጫኝና አውራጅ ወይም የጉምሩክ አስተላላፊ ካልሆነ በቀር። የቀረነው ግን የወደቡ ባለዕዳዎች ነን። ይኼን ነገር እናቆየውና መጀመሪያ የምጠይቀውን ልናገር፤ በኋላ ነገሩ ተድበስብሷል እንዳልባል። የምጠይቀው በዓመት አንድ ቀን፣ ያለ ክፍያና ያለ ደብዳቤ፣ ሕዝብ በዚያ በር ገብቶ እንዲያይ ነው። በሞጆ ይጀመር፤ ከዚያ በባቡር ጣቢያዎቹ፣ በቆቃ ግድብ፣ በወንጂ፣ በአዳማ የመንግሥት ሕንፃዎች ይቀጥል።

ነገሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1984 በባህል ሚኒስትራቸው በዣክ ላንግ ጊዜ ታሪካዊ ሕንፃዎቻቸውን በመስከረም ወር ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ጀመሩ። ፕሬዚዳንታቸው የሚኖርበት ኤሊዜ ቤተ መንግሥት እንኳ በዚያን ጊዜ ይከፈታል፤ ሰዉ ለሰዓታት ተሰልፎ ይገባል። ሌሎቹ አውሮፓውያን ከ1991 ጀምረው ተከተሏቸው። ሎንዶን ውስጥ ቪክቶሪያ ቶርንተን የተባሉ ሴት በ1992 ተመሳሳይ በዓል አቋቋሙ፤ ዛሬ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕንፃዎች በነጻ ይከፈቱበታል፤ ልምዱም ወደ ብዙ የዓለም ከተሞች ተሻግሯል። እኔን የገረመኝ ግን ቤተ መንግሥቱና ባንኩ አይደለም። ሎንዶኖች ከሚከፍቷቸው መካከል የከተማው ፍሳሽ የሚገፋባቸው አሮጌ የፓምፕ ጣቢያዎች መኖራቸው ነው! ሰው ልጁን ይዞ፣ በበዓል ልብሱ፣ የአያቱ ዘመን ቆሻሻ በየትኛው ቧንቧ እንደወጣ ሊያይ ይሄዳል። ሮተርዳሞች ደግሞ ከ1978 ጀምሮ የወደብ ቀን አላቸው። በመስከረም መጀመሪያ በሚውል ቅዳሜና እሑድ መርከቦቹ ለጎብኚ ይከፈታሉ፤ የወደቡ ሠራተኞች ሥራቸውን ያሳያሉ፤ አብዛኛውም በነጻ ነው። የዓለም ታላላቅ ኩባንያዎች ዕቃ የሚራገፍበት ወደብ ሕዝብ አስገብቶ ሳይዘረፍ እስከ ዛሬ አለ።

ይኼን ሐሳብ ለአንድ ወዳጄ ባነሣለት ሳቀብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ሕንፃ ማለት ፋሲል ግንብ ነው፤ ሕንፃ ማለት የምኒልክ ግቢ ነው። ሞጆ ምን አለና ነው የሚጎበኘው? ቆርቆሮ?» አለኝ። ወዳጄ የተማረ ሰው ነው፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ተሳስቶ አያቆምም። ቀጠለና፣ «ደግሞ ሕዝቡ ዳቦ ነው የቸገረው፤ ጉብኝት አይደለም» አለ።

በዳቦው ልጀምር። ስንዴው፣ ዘይቱ፣ መድኃኒቱ፣ የመኪናው መለዋወጫ፣ የልጆቹ ደብተር የሚታተምበት ወረቀት በየት በኩል ገብቶ ነው ገበያ የሚደርሰው? ከአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ በጅቡቲ በኩል ያልፋል። በኮንቴይነር ተጭኖ የሚገባው ብዙው ዕቃ ደግሞ ሞጆ ላይ ያርፋል። ወደቡ በ2001 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ሲጀምር ዓላማው ይኸው ነበር። ቀድሞ አስመጪው ጅቡቲ ላይ ወኪል ይዞ ዕቃውን ከዚያው ያስለቅቅ ነበር። መልቲሞዳል በሚባለው አሠራር ግን ዕቃው ከተጫነበት አገር አንሥቶ በአንድ የማጓጓዣ ሰነድ፣ በአንድ አጓጓዥ ኃላፊነት ሞጆ ድረስ ይመጣል። የጉምሩክ ሥርዓቱም የሚፈጸመው እዚሁ ነው። እንግዲህ አንድ ኮንቴይነር እዚያ ግቢ ውስጥ ሳምንት ሲቆይ፣ ወር ሲቆይ፣ የቆይታው ኪራይ ይቆጠራል። አስመጪው ይኼን ከኪሱ ይከፍላል ብሎ የሚያምን የዋህ ካለ ገበያ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው። ኪራዩን የምትከፍለው አዳማ ገበያ ላይ አንድ ሊትር ዘይት የምትገዛው እናት ናት። በዚያ አጥር ውስጥ ዕቃ ለምን እንደሚቆይ፣ ማን ምን እስኪፈርም እንደሚጠበቅ፣ ማንሻው ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ቆማ ብታይ ስለ ዳቦዋ መጠየቋ ነው።

ደግሞም ባለዕዳ ናት ብያለሁ። በ2009 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የንግድ ሎጂስቲክስ ብሎ 150 ሚሊዮን ዶላር ሲፈቅድ ዋናው ዓላማ የሞጆን ደረቅ ወደብ ማስፋትና ማዘመን ነበር። ብድር ነው፤ የሚከፍለው ያበደረው አይደለም። የቤቱን ዕዳ የሚከፍል ሰው ቤቱን ገብቶ ሊያይ ሲጠይቅ «ምን አለና ነው የምታየው?» መባሉ ከየት የመጣ ሥርዓት ነው?

ቆርቆሮ ነው ላለኝም መልስ አለኝ። ጎንደር ያለው ግንብ ያማረ ነው፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ነገር ግን የዛሬ መቶ ዓመት አንድ የታሪክ ተማሪ፣ በዚህ ዘመን የነበርን ሰዎች ምን እንደበላን፣ ምን እንደለበስን፣ ባሕር አጥተን እንዴት እንደኖርን ማወቅ ቢፈልግ የሚሄደው ወደ ሞጆ ነው። የዘመናችን ግንብ እሱ ነው፤ ውበት ባይኖረውም። ለመሆኑ ውበት የለውም ያለው ማን ነው? ማን ገብቶ አይቶ ነው?

«አውሮፓ አውሮፓ አትበል» የሚለኝም አይጠፋም። እሺ፣ እንተወው። ወደ ራሳችን እንምጣ። አጤ ምኒልክ በታላቁ ቤተ መንግሥት ባሠሩት አዳራሽ ግብር ሲያበሉ በሩ ለማን ነበር የሚከፈተው? መኳንንቱና ሹማምንቱ ቀድመው ይገባሉ፤ ከዚያ ወታደሩ፣ ከዚያ ተራው ሰው በየተራ እየገባ ሥጋውን በልቶ ጠጁን ጠጥቶ ይወጣል። ትኬት የቆረጠ አልነበረም። ዘመኑን ለማሞገስ አይደለም የማወሳው፤ የግብሩ በሬና ማር ከማን ቤት እንደመጣ የገበሬ ልጅ ያውቀዋል። ግን ያ ገባር ቢያንስ የአዳራሹን ጣሪያ ቀና ብሎ አይቷል። አጤ ኃይለ ሥላሴም ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተመርቆ ተከፈተበት። እነሆ ዛሬ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የሄደ ሰው የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት ያያል። በሩን መክፈት የፈረንጅ ፈሊጥ ነው የምትሉ፣ የራሳችሁን ታሪክ ነው የምትክዱት።

በቅርቡም ጥሩ ነገር አልጠፋም። የታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ «አንድነት ፓርክ» ተብሎ በመስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ተከፍቷል። በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው አፍሪካ አዳራሽም ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተመርቋል፤ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር የመስተዋት ሥዕል ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳውም። ይኼን አላጣጥልም። ግን ሁለት ነገር ይጎረብጠኛል። አንደኛው፣ ሁሉም አዲስ አበባ ነው። ሁለተኛው፣ የምኒልክ አዳራሽ ዛሬ በትኬት ነው የሚታየው። ለዘወትሩ ይሁን፤ ጥገናም ጥበቃም ገንዘብ ይፈልጋል። ሆኖም በዓመት አንድ ቀን በነጻ ቢከፈት ካዝናው ይራቆታል? አምስት ልጆች ያሉት የሞጆ ጫኝና አውራጅ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ለሰባት ሰው የመኪና ከፍሎ፣ ለሰባት ሰው ትኬት ቆርጦ ቤተ መንግሥት ያያል ብለን እናስባለን? ለእርሱ ግቢው አልተከፈተም። ጌታው ተለወጠ እንጂ በሩ ያው በር ነው።

አንድ የደረሰብኝን ነገር ላጫውታችሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ከዚህ መስመር ከተሞች በአንደኛው ነው እንበል። የቆየ የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ የእንጨት በረንዳው በጥሩ እጅ የተጠረበ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። ጥበቃው ከየት መጣ ሳልል ደረሰ።

«ጋሼ፣ ማንሳት ክልክል ነው።»

«በረንዳውን ነው እኮ።»

«እሱም ክልክል ነው።»

ሰውዬው ትሑት ነው፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ኃላፊውን ላናግር ብዬ ገባሁ። ኃላፊው ወንበር ሰጡኝ፤ አክብረው አዳመጡኝ። ሕንፃውን ለምን ማየት እንደፈለግሁ ጠየቁኝ። «ለማየት» አልኩ። ይኼ መልስ እንደማይበቃ ከፊታቸው ገባኝ። ተማሪ ነኝ ብል፣ ጥናት ላይ ነኝ ብል፣ ከውጭ አገር ነው የመጣሁት ብል ይሻል ነበር። በመጨረሻ፣ «ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ ያምጡ» አሉኝ። እየወጣሁ ሳስበው ሳቄ መጣ። ሊመለከት የመጣሁት እኔ፤ የሚመለከተው አካል ሌላ!

ይኼ የአንድ መሥሪያ ቤት ወይም የአንድ ሰው ክፋት ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ልማድ ነው። ድልድይ ማንሳት ክልክል፣ ጣቢያ ማንሳት ክልክል፣ ግድብ ማንሳት ክልክል። ጠላት የተባለው ሁሉ በሳተላይት ከሰማይ አይቶ በጨረሰው ግቢ፣ ሳያይ የቀረው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ሞጆ የወደብ ከተማ ከመሆኗ በፊት የባቡር ከተማ ነበረች። ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. መዘርጋት የጀመረው ሀዲድ ድሬዳዋን በ1895 ዓ.ም. ያዘ፤ አዲስ አበባ ሲገባ 1909 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በፊት በዚህ በእኛ በኩል አለፈ። አዳማም ሞጆም ከተማ የሆኑት፣ ሆቴሉና መጋዘኑ፣ ገበያውና ጠጅ ቤቱ የተደረደረው በባቡሩ ፉጨት ነው። አዲስ አበባ ያለው ዋናው ጣቢያ በ1922 ዓ.ም. ተሠርቶ ለሠፈሩ ስሙን ሰጠ፤ ለገሃር ማለት ፈረንሳዮች ጣቢያውን «ላ ጋር» ሲሉ ጆሯችን የያዘው ነው። የመስመሩ ትንንሽ ጣቢያዎች ግን ስም ሰጪ አላገኙም። አሮጌው ባቡር በዚህ በኩል መመላለሱን ካቆመ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ድሬዳዋ ሄዶ አሮጌውን የባቡር ወርክሾፕ የጎበኘ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። እዚያ ማሽኖቹ አሉ፤ ማሽኖቹን የሚያውቁ ሽማግሌዎችም አሉ፤ ጎብኚ ሲመጣ ብረቱ አፍ ያወጣል። በእኛ በኩልስ ያን ሀዲድ የጠገኑ፣ ትኬት የቆረጡ፣ ፋኖስ ያወዛወዙ ሰዎች የሉም? አሉ፤ እያረጁ ነው። ለአንድ ቀን የጣቢያው በር ተከፍቶ ከእነዚህ አንዱ ወንበር ላይ ቢቀመጥና ልጆች ዙሪያውን ቢከቡት፣ ለዚህ የዓለም ባንክ ብድር አያስፈልግም። ወንበር ነው የሚያስፈልገው።

አዲሱ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀምሯል። ጣቢያዎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ከከተማ ወጣ ብለው ስለተሠሩ ግን መንገደኛ ካልሆነ በቀር ማንም አይደርስባቸውም። እነሱም ይከፈቱ፤ ብዙ የምለው የለኝም።

ስለ ቆቃ ግን እላለሁ። ከሞጆ ትንሽ ወረድ ብሎ አዋሽ ላይ የተገደበው ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ያመነጫል። ዛሬ ይኼ ቁጥር ያስቃል፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ቆቃን ግን በሜጋ ዋት አትለኩት። ግድቡ የተሠራው ኢጣሊያ ለአምስቱ ዓመት ወረራ በከፈለችው የጦር ካሣ ገንዘብ ነው። በመርዝ ጋዝ ላለቀው፣ በየካቲት 12 ለታረደው፣ መንደሩ ለተቃጠለው ሕዝብ ተከፈለ ከተባለው ገንዘብ ቆሞ የሚታየው አንዱ ይኸው ግድብ ነው። የደም ዋጋ ነው። የባለ ደሙ የልጅ ልጅ መንገድ ላይ ቆሞ ዓሣ ጥብስ እየበላ ሐይቁን ከሩቅ ያያል፤ ግድቡ በምን ገንዘብ እንደተሠራ የነገረውም የለ። በዓመት አንድ ቀን ወደ ኃይል ማመንጫው አስገብተው ተርባይኑን ቢያሳዩትና አንድ ሰው ይኼን ታሪክ ቢነግረው ምን ይጎድላል?

ወንጂም አለ። ኢንዶኔዥያ ነጻ ስትወጣ እርሻው የቀረበት ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ መጥቶ፣ በ1946 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው የስኳር ፋብሪካ እዚያ ሥራ ጀመረ። አሮጌው ፋብሪካ ሥራ ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ይኼኛው ሲከፈት ግን ጥሩ ጥሩውን ብቻ እንዳያሳዩን አደራ እላለሁ። ስኳር ቀምሶ የማያውቀውን አገር ስኳር ያለመደው ፋብሪካ፣ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ የጠጡ ሠራተኞቹን ጥርስ አበለዘ፤ የብዙዎቹንም አጥንት አጎበጠ። ይኼ በሐኪሞች የተጠና ነገር ነው። በር ሲከፈት ይኼም ይነገር። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎችም በራቸውን ይክፈቱ፤ ሽታውን በነጻ ስንቀበል ኖረናልና ሥራውንም በነጻ ብናይ ፍርድ ነው። ቆዳው እንዴት እንደሚለፋ ብቻ ሳይሆን የታጠበበት ውኃ ተጣርቶ ወይስ ሳይጣራ ወደ ወንዙ እንደሚሄድ እንይ።

ይኼ ሁሉ ጩኸት ለምንድን ነው? በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በኮሪደር ልማት የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ሲፈርሱ የሆነውን አስቡ። ያዘነው ማን ነበር? እዚያ የተወለደው፣ እዚያ ሻይ የጠጣው፣ እዚያ ሲኒማ የገባው። አጥር ውስጥ የነበረ፣ ሰው ገብቶት የማያውቅ ቤት ግን ሲፈርስ አላፊው ቀና ብሎም አያይም፤ አጥሩ በአጥር ተተካ፣ በቃ። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ አለን፤ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ። አዋጅ ብቻውን ግን ዶዘር ፊት አይቆምም። ሰው ነው የሚቆመው፤ ሰው የሚቆመው ደግሞ ለሚያውቀው ነገር ነው። ኮሪደሩ አዳማም ቢሾፍቱም ደርሷል። የመንገዱ መስፋት፣ የመብራቱ ማማር አይከፋኝም። ግን ነገ አንድ አሮጌ ጣቢያ ወይም አንድ የድንጋይ መጋዘን ይነሣ ሲባል «ተዉ፣ እሱን አባቴ አስገብቶ አሳይቶኛል» የሚል አንድ ሰው እንኳ ከየት ይመጣል? አሁን በሩን የዘጉት ሰዎች ያን ጊዜ ሕዝቡ ለቅርሱ ግድ የለውም ብለው ይከሱታል።

የጥበቃ ነገር ይነሣል፤ መነሣትም አለበት። ወደብ ውስጥ የሰው ንብረት አለ፤ ከባድ ማሽን አለ፤ የጉምሩክ ሕግ አለ። ሕዝብ ሲበዛም አደጋ አለ። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ዳር ለእሬቻ የወጣው ሰው የደረሰበትን የምንረሳ አይደለንም፤ ከዚህ እዚያ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ በሩን በርግዱትና ያገኘ ይግባ አላልኩም። በቡድን ይሁን፤ ሠላሳ ሠላሳ ሰው፣ በየግማሽ ሰዓቱ። ቀድሞ በቀበሌና በትምህርት ቤት ይመዝገብ። የማንሻዎቹ መንገድ በገመድ ይከለል። ዕቃ ወዳለበት መጋዘን መግባት ካልተቻለ ባዶው መጋዘን ይታይ። ሲገቡም ሲወጡም ይፈተሹ፤ መፈተሽ እንደሆነ ለምደነዋል። በየዓመቱ ለቁልቢ፣ ለጥምቀት፣ ለእሬቻ የሚጎርፈውን ሕዝብ ማስተናገድ የሚችል አገር ሠላሳ ሰው በሰልፍ ማስገባት ያቅተዋል ቢሉኝ፣ የከበዳቸው ሌላ ነገር ነው እላለሁ።

ምን ከበዳቸው? እኔ እንደሚመስለኝ ሕዝብ ገብቶ ካየ ይጠይቃል። «ይኼ ኮንቴይነር ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው?» ይላል። «ያ ማሽን ለምን ቆመ?» ይላል። ከወደቡ አጠገብ ያረሰ ገበሬ ደግሞ፣ የሉሜ መሬት ጤፍ የሚያፈራ መሬት ነውና፣ «የእኔ ማሳ የቱ ጋ ነበር?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ይጠይቅ! ይኼን ጥያቄ ቆሞ መመለስ የማይችል ኃላፊ አጥሩ ስላለ ብቻ ነው እስካሁን ትልቅ የመሰለው።

አስጎብኚውን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ብሮሹር ይዞ እንዳይመጣብን። «ተቋማችን ባለፉት ዓመታት ከፍተኛ ስኬት አስመዝግቧል» የሚለውን በቴሌቪዥን ጠግበነዋል። የሚያስጎበኘው ማንሻውን የሚነዳው ልጅ ይሁን። አርባ ጫማ ኮንቴይነር ከተሳቢ ላይ አንሥቶ አምስተኛ ደርብ ላይ ሲያስቀምጥ እጁ ምን እንደሚያደርግ እሱ ይንገረን። የጅቡቲን መንገድ ሃያ ዓመት የተመላለሰ ሾፌር ስለ ሙቀቱና ስለ ተራ ጥበቃው ይንገረን። ሰነድ የምታገላብጠው የጉምሩክ ሠራተኛ አንድ ዕቃ ከገባበት እስኪወጣ ስንት ጠረጴዛ እንደሚያልፍ ትቁጠርልን። ቋንቋውም ኦሮምኛም አማርኛም ይሁን፤ የሞጆ ሰው በሁለቱም ይጠይቃል፣ በሁለቱም ይመልሳል።

ወጪው ምንድን ነው? አንድ የሥራ ቀን እንኳ አይደለም። እሑድን ቢመርጡ ሠራተኛውም ተማሪውም ይመቸዋል። ወሩን እነሱ ይወስኑ፤ እኔ ከመስቀል በኋላ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ዝናቡ ቆሞ፣ አቧራው ገና ሳይነሣ። ለመጀመሪያው ዓመት የከተማዋን ስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችና ወላጆቻቸውን ብቻ ቢያስገቡም አልከፋም፤ የአዳማው ሰው ለሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃል። ደብዳቤ አምጡ ግን አይበሉን። መታወቂያ ከሆነ ሁላችንም ይዘን እንመጣለን።